ሶዶ ላይ ስፔሻሊስት መሆን

ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ሰገራም ጋዝም ካለፈው ከሁለት ቀን በላይ የሆነው ገበሬ ሌሊት ወላይታ ሶዶ ቢደርስ መጀመሪያ የሚያየው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው። ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ለአገራችን ድንገተኛ ክፍሎች ይህ እንግዳ በሽታ አይደለም። አንጀቱ ገና ደም የሚያገኝ ከሆነ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብቶ አየሩን ማስተንፈስ፣ ጥምዙንም መፍታት ይቻላል። ደም አጥቶ ከሞተ ግን በቱቦ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሆድ ተከፍቶ የሞተው ክፍል መቆረጥ አለበት። ሁለቱን የሚለዩት የልብ ምት፣ ትኩሳት፣ ሆድ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ፣ አንዳንዴም የሐኪሙ ጥርጣሬ ብቻ ናቸው። ይህን መለየት ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ብዙ ሆድ መንካት፣ ሲሳሳቱም ቶሎ የሚያርም ሰው አጠገብ መኖር ይጠይቃል። ሬዚደንሲ የሚባለው ሥልጠና ይኸው ነው።

ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይህን ትምህርት ለማግኘት ባሕር ማቋረጥ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ሕክምናን የተማሩት፣ በቀዶ ሕክምናም የሠለጠኑት ስኮትላንድ ኤዲንብራ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ካቆሙ በኋላም ፋኩልቲው የሚያስመርቀው ጠቅላላ ሐኪም ብቻ ነበር። የስፔሻሊቲ ሥልጠና አገር ውስጥ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ተዳረሰ፤ ሶዶም ደረሰ።

ሶዶ ደግሞ ለሕክምና አዲስ አይደለችም። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ቡድን ወላይታ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የኦቶና ሆስፒታል መሠረትም ከዚያ ሚሽን ይመነጫል። ዛሬ ሆስፒታሉ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚል ረጅም ስም አለው። የከተማው ሰው ግን አሁንም “ኦቶና” ነው የሚለው።

ስፔሻሊስት ለመሆን በመንግሥት ሥርዓት የሚሄደው መንገድ እንዲህ ነው። ተማሪው የሕክምና ትምህርቱንና የኢንተርንነት ጊዜውን ይጨርሳል፤ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ፈተና ያልፋል፤ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖም ይሠራል። ስፔሻላይዝ ማድረግ ሲፈልግ ሚኒስቴሩ የሚሰጠውን አገር አቀፍ የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ይቀመጣል፤ የሚፈልገውን ዘርፍና ሆስፒታል በቅደም ተከተል ይመርጣል። ምደባው ውጤትንና ምርጫን በማዛመድ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ጎንደር የተማረ ሐኪም ሶዶ፣ ሶዶ የተማረውም ጅማ ሊመደብ ይችላል። ወላይትኛ የማይችል አዲስ ሬዚደንት የእናቲቱ ምጥ መቼ እንደጀመረ ለመጠየቅ ነርሷን ማስተርጎም ይኖርበታል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን “የት ያምሻል?”ን ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ይህን ትምህርት ማንም አይፈትነውም፤ ለበሽተኛው ግን ከብዙው ፈተና ይበልጣል ባይ ነኝ።

የሥልጠናው ርዝመት እንደ ዘርፉ ይለያያል። የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና 3 ዓመት፣ ማህፀንና ጽንስ 4 ዓመት፣ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ደግሞ 5 ዓመት ይፈጃሉ። ጠዋት ጠዋት በሞርኒንግ ሴሽን የሌሊት ተረኞቹ የገቡትን በሽተኞች በየተራ ያቀርባሉ፤ ሲኒየሮቹም “ለምን ጠበቅህ? ለምን ደም አላዘዝሽም?” እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ በየአልጋው እየዞሩ በሽተኞችን የሚያዩበት ራውንድ ይቀጥላል። በቀዶ ሕክምና ክፍል የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ሥራው በአብዛኛው ሌላው ሲቀድ ቁስሉን ከፍቶ መያዝና ቆዳ መስፋት ነው። ቆይቶ ትርፍ አንጀት በሲኒየር ዓይን ሥር ያወጣል፤ በመጨረሻው ዓመት ከባዱን ቀዶ ሕክምና ይመራል፣ ታናናሾቹንም ያስተምራል። የሠራውን ሁሉ በሎግ ቡክ ይመዘግባል። ጥናታዊ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ይከላከላል፤ በማብቂያው የጽሑፍ፣ የቃልና በበሽተኛ ፊት የሚሰጥ ፈተና ይጠብቀዋል። ከፈታኞቹ መካከል ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ይኖራል። የስፔሻሊስትነትን ወረቀት ታማኝ የሚያደርገው በእኔ ግምት ይኸኛው ነው፤ ያሳደገው መምህር ብቻ አይደለም “በቅቷል” የሚለው።

ሶዶ ሁለተኛ መንገድም አላት፤ ይህኛው ለቀዶ ሐኪሞች ነው። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በምሥረታው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሃሮልድ አዶልፍ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው እ.ኤ.አ. በ1996 ከተመሠረተው የፓን አፍሪካ ክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ጋር ነው፤ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምናው ሥልጠና 5 ዓመት ይወስዳል። ሠልጣኞቹ የሚፈተኑት በምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ የሆነው ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ቅድሚያ የአባልነት፣ ቀጥሎ የፌሎውነት ፈተና አለው። የኮሌጁ ሥልጠና የሚሰጠው በየሆስፒታሉ ነው፤ ሐኪሙ በሚሠራበት ይማራል፣ ለፈተና ግን ከኬንያ፣ ከዛምቢያ፣ ከማላዊ እኩዮቹ ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙም አይስበኝም። የሚበልጠው ነገር ሁለቱም ሶዶ ላይ መሆናቸው ነው። ሬዚደንት በሚሠለጥንበት ሆስፒታል ሌሊትም ንቁ ሐኪም አለ፤ ሲኒየር አለ፤ የደም ባንክና የቀዶ ክፍል ጥያቄ ዘወትር ይነሳል። በሪፈር ወረቀት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ ይጫን የነበረ በሽተኛ እዚሁ ይታከማል። የቀረው ጥያቄ ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ሥልጠናውን ስፖንሰር ያደረገ ክልል ወይም ተቋም ስፔሻሊስቱን በአገልግሎት ውል ያስራል፤ ውሉ ካለቀ በኋላ ግን የሚያስቀምጠው የሚያኖር ደመወዝ፣ ቤትና የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናትና፣ ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ባለሥልጣናት አሁን ከኦቶና ብዙም አይርቁም።

አንባቢዬን አንድ ነገር ልለምን። ኦቶና ወይም ክርስቲያን ሆስፒታል ተኝተው፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ብዙ ወጣቶች አልጋዎን ከበው ትናንት የተጠየቁትን መልሰው ቢጠይቁዎት አይቆጡ። ኃላፊነቱን የወሰደው ሲኒየር ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ከዚያ ሕመሙ መቼ እንደጀመረዎት እንደገና ይንገሯቸው።