ዓሣም ይታረዳል

ከጃፓኗ የወደብ ከተማ ከኮቤ በስተምዕራብ አካሺ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። እሷንና የአዋጂን ደሴት የሚለየው ባሕር ጠባብ ነው፤ ውኃው እንደ ክረምት ወንዝ ይጋልባል። ታይ የሚባለው፣ ቅርፊቱ ሮዝ የሆነው ዓሣ በዚህ ኃይለኛ ውኃ ውስጥ ያድጋል፤ ጃፓኖችም የአካሺን ታይ ከሌላው አስበልጠው ይገዙታል። ብዙ የዓሣ ገበያዎች ሥራቸውን ሳይነጋ ሲጀምሩ፣ እዚህ ግን ጨረታው የሚከፈተው ቀትር ሲቃረብ ነው። ለጨረታ የሚቀርበው ዓሣ ደግሞ ሬሳ አይደለም፤ በገንዳ ውስጥ ይዋኛል።

ጨረታው እንዳለቀ የቢላ ሥራ ይከተላል። ሠራተኛው ዓሣውን በአንድ እጁ አጥብቆ ይይዝና ወስፌ የመሰለ ሹል ብረት ከዓይኑ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሰካበታል። ብረቱ አንጎሉን ሲያገኘው አፉ ይከፈታል፣ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፣ ወዲያው መላ አካሉ ይዝላል። ቢላው በስንጥቡ ስር ገብቶ ከአከርካሪው በታች ያለውን ዋና የደም ሥር ይቆርጣል፤ ጅራቱም ሥር እንዲሁ ይደረጋል። ቀጥሎ ቀጭን ሽቦ በአከርካሪው ቀዳዳ፣ ሕብለ ሰረሰሩን ተከትሎ ይሰደዳል። ዓሣው ለአፍታ ይንቀጠቀጥና ጸጥ ይላል። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ውኃውም ቀስ በቀስ ይቀላል። የለመደ እጅ ቆርጦና ሽቦውን ሰዶ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

ይህ አሠራር ኢኬጂሜ ይባላል። ቃሉ ሕያው ዓሣን በሥርዓት መግደል እንደ ማለት ነው። ሽቦ የመስደዱ ሥራ ለብቻው ሺንኬጂሜ ይባላል፤ «ሺንኬ» ነርቭ ማለት ነውና።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የደም ነገር እንግዳ አይደለም። በሬም ሆነ በግ፣ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ ሲያርድ ደሙ በደንብ መፍሰሱን ያያል፤ ደሙ ያልፈሰሰ ሥጋ ቤት አይገባም። ዓሣ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጪ ቀርቷል። ከመረብ ተፈትቶ ጀልባው ወለል ላይ ይጣላል፣ ሲፈራገጥ ይቆያል፣ አየር አጥሮት በራሱ ጊዜ ይሞታል። በአብዛኛው ዓለም የሚደረገውም ይኸው ነው። የአካሺ ሰዎች የሚሉት ደግሞ የዓሣ ጣዕም የሚበላሸው በእነዚህ የመፈራገጫ ደቂቃዎች ነው። ሳይንሱም ይደግፋቸዋል።

ነገሩ በጡንቻ ይጀምራል። ሕያው ጡንቻ ጉልበቱን የሚያገኘው ኤቲፒ ከሚባል ውሕድ ነው። ዓሣው በሕይወትና በሞት መካከል ሲታገል ይህን ስንቅ አሟጥጦ ይጨርሳል፤ በጡንቻው ውስጥም ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል። ስንቁ ያለቀበት ዓሣ ሲሞት አካሉ ቶሎ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ድርቀቱም ሲለቀው ሥጋው ይላላል፣ ውኃ ይተፋል። አንጎሉ በቅጽበት ሲጠፋ ግን ትግሉ ይቆማል። ሕብለ ሰረሰሩ ሲወድም ደግሞ ከሞት በኋላ ጡንቻውን የሚያነቃንቀው የነርቭ መልእክት ይቋረጣል። ስንቁ ሳይነካ ይቀራል፣ ድርቀቱም ዘግይቶ ይመጣል።

የተረፈው ኤቲፒ ወደ ጣዕም ይለወጣል። ከሞት በኋላ እየተሰባበረ ኢኖሲኒክ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ጃፓኖች ኡማሚ የሚሉት፣ መረቅን ጣፋጭ የሚያደርገው ጣዕም አንዱ ምንጭ ነው። ሺንታሮ ኮዳማ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ካትሱኦቡሺ የሚባለው የደረቀ ዓሣ ጣዕሙን የሚያገኘው ከዚህ ውሕድ መሆኑን ደረሰበት። ጊዜው ሲረዝም ኢኖሲኒክ አሲዱም ይፈርስና ሃይፖዛንቲን የሚባል መራራ ነገር ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የጃፓን ሳይንቲስቶች ይህን መፈራረስ በመቶኛ የሚለካ መስፈሪያ አወጡ፤ ስሙ ኬ ቫልዩ ነው። ልኩ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ዓሣ ለጥሬ መብል የሚበቃ ትኩስ እንደሆነ ይቆጠራል። ብልህ የጃፓን ወጥ ቤቶች በኢኬጂሜ የተገደለን ዓሣ አንድ ሁለት ቀን በቅዝቃዜ የሚያቆዩትም ጣዕሙ እስኪጎለብት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደሙ ራሱ ነው። የዓሣ ደም ብዙ አይደለም፤ ከክብደቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው በሆድ ዕቃው ውስጥ ይገኛል። በጡንቻው ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚቀረው ግን ጥፋቱ ከመጠኑ ይበልጣል። ደም ቀይ የሆነበት ሄሞግሎቢን ብረት ይዟል፤ ይህም የዓሣው ስብ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እንዲበላሽ ያፋጥናል። የከረመ ዘይት የመሰለው ሽታና ቅርናት የሚመጣው በከፊል ከዚህ ነው፤ ስብ በሚበዛባቸው ዓሦች ላይ ደግሞ ይብሳል። ደሙ ለባክቴሪያም ምግብ ነው። ፊሌቶው ላይ የሚታዩት ቀያይ ነጠብጣቦችና በአከርካሪው አጠገብ የሚጋደመው ጥቁር መስመርም የዚሁ ምልክት ናቸው።

ደሙን የሚያስወጣው ቢላው ብቻ አይደለም፤ ልቡም ጭምር ነው። የዓሣ ልብ አንጎሉ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ጊዜ መምታቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የደም ሥሩ ወዲያው ከተቆረጠ ልቡ ራሱ ደሙን ገፍቶ ያወጣዋል። ጊዜ ካለፈ ግን ደሙ ይረጋል፣ ቢቆረጥም አይወጣም። በኖርዌይ ኮድ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በተያዘ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲያርዱት የሚመከሩት ለዚህ ነው። ቱና ደግሞ ገላው ከውኃው የሚሞቅ ዓሣ በመሆኑ ጥድፊያው የባሰ ነው። ታግሎ ከሞተና ሳይታረድ፣ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ሥጋው እንደ ተቀቀለ ይገረጣል። ጃፓኖች ይህን ጉዳት ያኬ ይሉታል፤ «የተቃጠለ» ማለታቸው ነው።

የአካሺ አጥማጆች ጥንቃቄ የሚጀምረው ግን ከቢላው በፊት ነው። የደከመ ዓሣ ወዲያው አይታረድም። ጸጥ ባለ ገንዳ ውስጥ እንዲያድር ይደረጋል፤ ሆዱ ይጸዳል፣ በትግል ያባከነው ጉልበት ይመለሳል። ከሩቅ ገበያ ተነድቶ የመጣ በሬ ሳያርፍ ቢታረድ ሥጋው እንደሚጠቁር የሚያውቅ ባለ ልኳንዳ ምክንያቱን በቀላሉ ይረዳል። በቅዝቃዜውም ልክ አለ፦ በታይ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከታረደ በኋላ በ0 ዲግሪ የተቀመጠው በ10 ዲግሪ ከተቀመጠው ቀድሞ እንደሚደርቅ አሳይተዋል። ለረጅም ጊዜ ማቆየት ሲፈለግ ግን በረዶ አስፈላጊ ነው።

ኢኬጂሜ ሁሉን አይፈውስም። በጥሬ ዓሣ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ ጥገኛ ተሕዋስያንን አይገድልም፤ ከጭቃማ ውኃ የመጣ ዓሣ የሚኖረውን የአፈር ጣዕምም አያስወግድም፤ ያ የሚመጣው ውኃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ውሕድ ነው።

ይህ ሁሉ የሐዋሳን፣ የዝዋይን ወይም የጣናን ዓሣ ይመለከታል ወይ? ይመለከታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በሐይቆቻችን ብዙው ዓሣ የሚያዘው ማታ ተጥሎ ጠዋት በሚነሣ መረብ ነው፤ ብዙው መረቡ ውስጥ ሞቶ ስለሚያድር ቢላ አይጠቅመውም። በመንጠቆ ወይም ከዳር በሚጎተት መረብ በሕይወት የሚወጣው ቆሮሶ ግን እዚያው ሊታረድ ይችላል። ከሁሉም ይልቅ አምባዛ ለዚህ ይመቻል። አየር መሳብ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶ ለሰዓታት ይኖራል፣ እስከ ገበያውም ሲንቀሳቀስ ይደርሳል። ሰዎች ገና ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ በዳጣ እያጠቀሱ በጥሬው በሚበሉበት በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ደግሞ፣ በመያዝና በመብላት መካከል ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ የአገዳደሉ ልዩነት ምላስ ላይ ሊታወቅ ይችላል።

ሥራው ማሽን አይጠይቅም። አንድ ስለታም ቢላ፣ አንድ ሹል ብረት፣ ንጹሕ ውኃ የያዘ ባልዲና ከተቻለ በረዶ ይበቃል። የዓሣው አንጎል የት እንዳለ መለየት ልምድ ይፈልጋል፤ አውስትራሊያ ውስጥ በየዓሣው ዓይነት ቦታውን የሚያሳይ መመሪያ ለአጥማጆች ተዘጋጅቷል። እኛም ለቆሮሶ፣ ለአምባዛና ለናይል ፐርች እንዲህ ያለ አንድ ሥዕል ያስፈልገናል፤ በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አጥማጁ ወደ ጀልባው ከመውጣቱ በፊት ሥራውን ይማርበታል። ዓሣ ገዢም ሲመርጥ ዓይኑንና ስንጥቡን ብቻ አይይ። ፊሌቶውን ገልብጦ በአከርካሪው በኩል ያለውን ሥጋ ይመልከት፤ ነጭና ንጹሕ ከሆነ ደሙ በጊዜ ፈስሷል።