የነጐድጓድ ልጅና የራስ ቁር

በየቤቱ እንደሚታየው፥ ልጅ ገና በእግሩ ጸንቶ ሳይቆም ክብ የሆነውን ነገር ሁሉ እየገፋ መሮጥ ይወዳል። ጥቂት ዕድሜ ሲጨምር ቢስክሌት ይለምናል፤ ጐልማሳ ሲሆን ደግሞ ዓይኑ ከሞተር ቢስክሌት ላይ አይነሣም። በዚህ ጊዜ አባት ስለ ገንዘቡ፥ እናት ስለ ልጇ ሕይወት ይጨነቃሉ። ልጇን ከሞተር እንዲያርቅላት ስለት የምትሳል እናት ጥቂት አይደለችም።

ለመሆኑ ይህ ለሚሽከረከር ነገር ያለ ፍቅር ከሥሩ ሊነቀል የሚገባው እንክርዳድ ነውን? ወይስ ልጓም ሊገባለት የሚገባ ብርቱ ፈረስ ነው? መልስ እንዲሆነን፥ ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከመንኰራኵር ያልተለየውን የአንድ ሰው ታሪክ እንመልከት። ይህ ሰው በዓለም ዘንድ «የዐረቢያው ሎሬንስ» ተብሎ የታወቀው እንግሊዛዊው ቶማስ ኤድዋርድ ሎሬንስ ነው። በ1962 የወጣው ታላቅ ፊልም ስሙን ለብዙዎች አስተዋውቋል፤ ፊልሙ የሚጀምረውም በጦር ሜዳ ሳይሆን በሞተር ቢስክሌት አደጋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከቢስክሌት እስከ ብረት ለበስ መኪና

ሎሬንስ በ1888 በዌልስ ተወልዶ በኦክስፎርድ ከተማ አደገ። በተወለደበት ዓመት ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም በአየር ለሚነፋ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። ደንሎፕ ይህን ጎማ መጀመሪያ ያሰበው ለገዛ ልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ጎማ ድፍን ስለ ነበረ፥ በድንጋይ መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው አጥንቱ እስኪላቀቅ ድረስ ያንገጫግጨው ነበር። አንድ አባት ለልጁ ያሰበው ነገር ቢስክሌትን ለረጅም መንገድ የተመቸች አደረጋት።

የሎሬንስም ትውልድ በዚህ ተጠቀመ። ገና ተማሪ ሳለ በ1906፥ በ1907ና በ1908 የዕረፍት ወራት ፈረንሳይን በቢስክሌት ዞረ። በ1908 ብቻውን ያደረገው ጕዞ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር አድርሶታል። በየመንገዱ እየወረደ የጥንት ምሽጎችን ይለካ፥ ሥዕላቸውን ይነድፍ፥ ፎቶግራፍም ያነሣ ነበር። ከዚያም በሶርያ ያሉትን ምሽጎች በእግሩ እየተዘዋወረ አይቶ፥ ስለ መስቀል ጦረኞች ምሽጎች በጻፈው ድርሰት በ1910 ከዩኒቨርሲቲው በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። እንግዲህ ቢስክሌቱ መጫወቻ ብቻ ሳትሆን ትምህርት ቤትም ሆነችለት ማለት ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሎሬንስ ወደ ካይሮ ተላከ፤ በኋላም በቱርክ መንግሥት ላይ ከተነሡት ዐረቦች ጋር ተሰለፈ። ብዙ ሰው በግመል ላይ እንደ ተቀመጠ አድርጎ ያስበዋል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በ1917ና በ1918 በበረሃው ውስጥ ሮልስ ሮይስ በተባለው ብረት ለበስ መኪናም ይዘምት ነበር። ሻንሲውና ሞተሩ በሰላሙ ጊዜ ለባለጸጎች ይሠራ የነበረው ያው የታወቀው ሲሆን፥ በላዩ ብረት ለብሶ በድንጋያማውና በአሸዋማው ምድር ይመላለስ ነበር። በ1918 አንድ ቀን ድልድይ አፍርሰው ሲመለሱ የአንዲቱ መኪና የኋላ ባሌስትራ ማያያዣ ተሰበረ። ጠላት በቅርብ ነበረ፥ መለዋወጫም አልነበረም። ሹፌሩና ሎሬንስ ጣውላ ደራርበው በቴሌግራፍ ሽቦ አሰሩት፤ በዚያ ጥገና መኪናዪቱ ሥራዋን ቀጥላ እስከ ደማስቆ ገባች። መኪና የሚወድ ሰው የሚለየው በዚህ ነው፤ ተሽከርካሪውን በደኅናው ቀን ከመንዳት አልፎ፥ በክፉ ቀን እንዴት እንደሚያቆመው ያውቃል።

ስሙ ቦአኔርጌስ

ከጦርነቱ በኋላ ሎሬንስ ዝናውን ሸሸ። በ1922 ስሙን ለውጦ በእንግሊዝ አየር ኃይል ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ለራሱ ያስቀረው ትልቅ ደስታ ሞተር ቢስክሌት ነበር። የሚነዳው «ብራፍ ሱፔሪየር» የተባለውን ሲሆን፥ ይህንንም ጆርጅ ብራፍ የተባለ መሐንዲስ በኖቲንግሃም ከተማ ይሠራው ነበር። ከ1919 እስከ 1940 ድረስ ከዚያ ፋብሪካ የወጡት ሞተሮች ወደ 3 ሺህ ብቻ ናቸው። «ኤስ ኤስ 100» የሚባለው ዓይነት በሰዓት 100 ማይል፥ ማለት 160 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ፋብሪካው ዋስትና ይሰጥ ነበር። ሎሬንስ ከ1922 እስከ 1935 ድረስ ሰባት ብራፍ ሱፔሪየር ነዳ፤ ሲሞት ስምንተኛው ታዝዞለት ነበር። በ1926 የነዳው መንገድ ተደምሮ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

ለእነዚህ ሞተሮች ያወጣው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ቦአኔርጌስ» ይላቸው ነበር። ይህም በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈ፥ ጌታችን ለዘብዴዎስ ልጆች ለያዕቆብና ለዮሐንስ ያወጣላቸው ስም ነው፤ ትርጓሜውም የነጐድጓድ ልጆች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንጌላዊውን ዮሐንስን «ወልደ ነጐድጓድ» እያለች ትጠራዋለች። የሞተሩን ድምፅ የሰማ ሰው ስሙ እንዴት እንደ መጣለት አያጣውም።

ነገር ግን ሁለቱን ሐዋርያት ስናስብ ሌላም ነገር ትዝ ይለናል። አንዲት መንደር አልቀበልም ባለች ጊዜ በቅንዓታቸው እሳት ከሰማይ እንዲወርድባት ጠየቁ፤ ጌታም ገሠጻቸው። ገሠጻቸው እንጂ ቅንዓታቸውን አላጠፋባቸውም። ከሁለቱ አንዱ ያዕቆብ በሰማዕትነት፥ ሌላው ዮሐንስ በፍቅር ስብከት ታላላቅ ሆኑ። እንግዲህ ነጐድጓድ ሥርዓት ካገኘ ለበጎ ይሆናል ማለት ነው።

በሎሬንስም ሕይወት ይህ አንድ ጊዜ ታይቷል። በ1931 በፕሊመዝ ወደብ አንድ የባሕር አውሮፕላን ወድቆ ሰዎች ሲሞቱ በቦታው ነበረ። ለማዳን የሚሄዱት ጀልባዎች ዘገምተኞች መሆናቸውን አይቶ፥ ፈጣን የነፍስ አድን ጀልባ እንዲሠራ አለቆቹን ወተወተ። ከዚያም በሥራው ተመድቦ ስለ ሞተር የነበረውን ዕውቀት ሁሉ አፈሰሰበት። በውኃ ውስጥ ለወደቁት ሰዎች ራስ እንዲህ ያሰበው ሰው ግን፥ በመንገድ ላይ ለገዛ ራሱ መከለያ አላደረገም ነበር።

የመጨረሻው መንገድ

ግንቦት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ሜይ 13 ቀን 1935) ሎሬንስ ከአየር ኃይል ከተሰናበተ ገና ጥቂት ወራቱ ነበር። በዶርሴት አውራጃ ካለችው ታናሽ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ቦቪንግተን ፖስታ ቤት ሄደና ለአንድ ወዳጁ ቴሌግራም ላከ። ሲመለስ መንገዱ ዝቅ ብሎ እንደ ገና ከፍ በሚልበት ስፍራ፥ ከፊቱ ሁለት ልጆች በቢስክሌት ይሄዱ ነበር። ዝቅታው ሰውሯቸው ስለ ነበረ በድንገት ደረሰባቸው። ከእነርሱ ለመሸሽ ሞተሩን ሲጠመዝዝ ከአንዱ ቢስክሌት ጋር ተነካካ፤ እርሱም በመሪው ላይ አልፎ ተወረወረ፥ ራሱም ክፉኛ ተመታ።

ልጆቹ ተረፉ። ሎሬንስ ግን ራሱን እንደ ሳተ ስድስት ቀን በወታደሮች ሆስፒታል ተኝቶ፥ ግንቦት 11 ቀን በተወለደ በ46 ዓመቱ ዐረፈ። በወጣትነቱ በቢስክሌት አገር የዞረው ሰው በመጨረሻው ያዳናቸው ቢስክሌት የሚነዱ ልጆችን ነበር።

የሐኪሙ ትዝብት

ወደ ሎሬንስ አልጋ ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ሂው ኬርንስ ይባሉ ነበር። በአውስትራሊያ የተወለዱ፥ በእንግሊዝ አገር የአንጎል ቀዶ ሕክምና የታወቁ ወጣት ሐኪም ነበሩ። ሊያድኑት አልቻሉም፤ ነገሩን ግን አልረሱትም።

በዚያን ዘመን የራስ ቁር ጨርሶ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። በ1914 በማን ደሴት በሚደረገው የሞተር ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎች ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ ታዝዞ ነበር። ሆኖም ይህ የእሽቅድምድም ሰዎች ነገር ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበረ፥ ወደ ፖስታ ቤት ደርሶ ለሚመለስ ሰው ያስፈልገዋል የሚል አልነበረም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የጦሩ መልእክተኞች መብራት በጠፋበት ሌሊት በሞተር ይመላለሱ ጀመር፤ ብዙዎችም ሞቱ። ዶክተር ኬርንስ በ1941 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፥ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት 2,279 የሞተር ነጂዎችና አብረዋቸው የተቀመጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ገለጹ። ለሞቱ ዋናው ምክንያት የራስ ጉዳት ነበር። በአንጻሩም የራስ ቁር አድርገው ከተጐዱት መካከል ያዩዋቸው ሰባት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፥ ሰባቱም በሕይወት ተርፈዋል። ሰባት ጥቂት ቍጥር ነው፤ ለሚያስተውል ሐኪም ግን ምርምሩን ለመቀጠል በቂ ምክንያት ነበር።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የእንግሊዝ ጦር በሥራ ላይ ያለ ሞተር ነጂ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። ዶክተሩ በ1946 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ፥ ከዚያ ትእዛዝ በኋላ የሟቾች ቍጥር እየቀነሰ መሄዱን በሠንጠረዥ አሳዩ። እርሳቸው በ1952 ዐረፉ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ሲቪል ሞተር ነጂዎችን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣው በ1973፥ ከሎሬንስ ሞት 38 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው በ2008 የወጣው ውጤት፥ የራስ ቁር የሞተር ነጂን የሞት አደጋ በ42 ከመቶ፥ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ያስረዳል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከውጭ ያለው ጠንካራ ቅርፊት የምቱን ኃይል በሰፊው ይበትነዋል፤ ከውስጥ ያለው ፎም ደግሞ ራሱ እየተጨፈለቀ ጭንቅላትን በዝግታ ያቆመዋል። እንቍላል በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል፤ በጭድ ክምር ላይ ቢወድቅ ግን ሊተርፍ ይችላል። ቁመቱ አንድ ሲሆን ልዩነቱ በአቋቋሙ ነው። አንጎልም የሚጐዳው በመመታቱ ብቻ ሳይሆን በድንገት በመቆሙም ነውና።

ለየቤታችን

የቢስክሌትና የሞተር ፍቅር በአገራችንም የቆየ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮች ጋር ቢስክሌት ነጂዎችንም ልካለች። ባሕር ዳርን ያየ ሰው ቢስክሌት ለሕዝቡ እግር መሆኑን ያውቃል፤ በየገጠሩም ሞተር ቢስክሌት ሠራተኛውን ወደ ሥራው፥ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ስለዚህ ወላጅ ልጁን «አትንካ» ብሎ ብቻ ቢመልሰው፥ ልጁ ነገሩን ከቤት ውጭ በስውር ይማረዋል። ይልቅስ ፍቅሩን ተቀብሎ ሥርዓቱን ማስያዝ ይሻላል።

ሥርዓቱም እንዲህ ይሁን። ቢስክሌት የተገዛለት ልጅ ሰንሰለቱን ማጽዳት፥ ፍሬኑን መፈተሽ፥ የተበሳ ጎማ መለጠፍ በመጀመሪያው ሳምንት ይማር። የራስ ቁሩም ከቢስክሌቱ ጋር አብሮ ይገዛ እንጂ «በኋላ» አይባል። በልኩ የሆነ የራስ ቁር ግንባርን ይሸፍናል፤ ከቅንድብ በላይ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ብቻ ይተዋል። ማሰሪያው ከአገጭ በታች ካልታሰረ ቁሩ በአደጋ ጊዜ ቀድሞ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ብርቱ ምት የተቀበለ ቁር፥ ከውጭ ደኅና ቢመስልም፥ ፎሙ ስለ ተጨፈለቀ ሊለወጥ ይገባዋል። በሞተር ላይ ከኋላ የምትቀመጠው እናት ወይም እኅትም የራሷ ቁር ያስፈልጋታል፤ ዶክተር ኬርንስ ከቈጠሯቸው ሙታን መካከል ከኋላ የተቀመጡትም ነበሩና።

መንገዱ አጭር ነው የሚል ምክንያትም ተቀባይነት አይኑረው። ሎሬንስ በፈረንሳይ ረጅም መንገዶችና በዐረቢያ በረሃ ያልደረሰበት አደጋ የደረሰበት ፖስታ ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው። ወላጅም ከሁሉ በፊት ራሱ ምሳሌ ይሁን። አባት ቁሩን በመሪው ላይ አንጠልጥሎ እየነዳ ልጁን «አድርግ» ቢለው፥ ልጁ የሚከተለው ያየውን እንጂ የሰማውን አይደለም።