ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ይዞ ነበር?

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፒክአፕ ሞተሩ ተለውጦ፣ ቀለሙ ተደራርቦ፣ ወንበሩ ከሌላ መኪና መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሻጩን ወሬ ከማመን በፊት ብረቱንና ወረቀቱን ማንበብ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. የ1972 ሼቭሮሌን እንውሰድ። የሻንሲ ቁጥሩ በ«ሲሲኢ142» ከጀመረ፣ የመጀመሪያው ሲ ሼቭሮሌነቱን፣ ሁለተኛው የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው መሆኑን (አራቱም ከሆኑ ኬ ነው)፣ ኢ የቪ8 ሞተሩን፣ 1 የግማሽ ቶን ምድቡን፣ 4 ፒክአፕነቱን፣ 2 የሞዴል ዓመቱን ይነግሩናል። ቀጥሎ ያለው ፊደል የተገጣጠመበት ፋብሪካ ነው።

ኤርኮንዲሽነር ነበረው ወይ ብንለው ግን ቁጥሩ መልስ የለውም። ዋናው ማስረጃ ክሩስኮቱ ላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈው ወረቀት ነው። በትእዛዝ የተገጠሙ ተጨማሪ ዕቃዎች በኮድ ተዘርዝረውበታል፦ ሲ60 ኤርኮንዲሽነር ነው፤ ጂ80 ደግሞ አንዱ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ኃይል የሚያደርስ ዲፈረንሻል። ክዳን በቀላሉ ተፈትቶ ይቀየራልና፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ሳያመሳክሩ ማመን የዋህነት ነው።

ሞተሩ ላይ የተመታው ኮድ የባሰ ያሳስታል። የመጀመሪያው ፊደል ፋብሪካውን (ለምሳሌ ቲ ቶናዋንዳን)፣ አራቱ አኃዞች ወርና ቀኑን ይሰጣሉ፤ ዓመት የለም። ዓመቱ የሚገኘው ብሎኩ ሲቀረጽ አብሮ ከወጣው ቀን ነው፤ እሱም የመጨረሻዋን አኃዝ ብቻ ስለሚይዝ 2 ማለት 1972ም 1982ም ሊሆን ይችላል። ያኔ የብሎኩ መለያ ቁጥር ይታያል።