እሳት ላይ የሚጣደው ኮዳ የትኛው ነው?

ከሐረር ወጣ ብሎ ወደ ቁንዱዶ ተራራ ወይም ወደ ባቢሌ የሚጓዝ ሰው፣ ለሽርሽርም ይሁን ለመስክ ሥራ፣ ስንቅና ውሃ ይዞ ይወጣል። ስንቁ ቢያልቅ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ አይጠፋም። ውሃው ሲያልቅ ግን ችግሩ ይጀምራል። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ቀድቶ እንዳለ መጠጣት ሆድን አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አሁን አሁን የሃይላንድ ፕላስቲኩን ትቶ የብረት ኮዳ እየገዛ ነው። “ሲያልቅብኝ ቀድቼ እሳት ላይ አፈላበታለሁ” ይላል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የብረት ኮዳ ሁሉ እሳት ላይ አይጣድም።

ከጥቂት ወራት በፊት ለመስክ ሥራ ወጥተን ሳለ አንድ ባልደረባችን አዲስ የገዛውን የሚያምር ኮዳ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ፍም ላይ አስቀመጠው። አጠገባችን የነበሩ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ አንድ አዛውንት አይተው ደነገጡ። “አንሣው ልጄ! ኮዳ ሳይሆን ፈንጂ እኮ ነው የጣድከው!” አሉት። ባልደረባችን በእንጨት ገፍቶ አወጣው። አዛውንቱ ትክክል ነበሩ። እንዲያውም ስህተቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

የሐረር ሰው ስለ ውሃ ማሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከተማዋን ለረጅም ዓመታት ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቆ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ቢመለስም፣ ሐይቁ በደረቀበት ወቅት ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ወደሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ ፊቷን ማዞሯ አይዘነጋም። ጀሪካን ደርድሮ ተራ መጠበቅን የማያውቅ ሐረሬ የለም ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተቀሰቀሰው ኮሌራ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወደ ብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ተዛምቷል። ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ጃርዲያን የመሳሰሉ በውሃ የሚተላለፉ በሽታዎችን ለመከላከል ከቤት ርቆ ላለ ሰው ከማፍላት የተሻለ አስተማማኝ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ ማፍያውን በትክክል መምረጥ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

አንድ ግድግዳ ወይስ ሁለት?

በሸዋ በር አካባቢ ያሉ ሱቆች ውስጥ ከሚደረደሩት የብረት ኮዳዎች መካከል ብዙዎቹ ሙቀት የሚይዙ ናቸው። እነዚህ በአሠራራቸው ፔርሙዝ ናቸው። ሁለት የብረት ግድግዳ አላቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ሻይ ለረጅም ሰዓት ሳይቀዘቅዝ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ጥቅም እሳት ላይ ጉዳት ይሆናል። ባዶው ክፍተት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለማያሳልፍ ውሃው ቶሎ አይፈላም። የውጭው ግድግዳ ግን ሙቀቱን የሚረከብለት ውሃ ስለሌለ ከመጠን በላይ ይግላል። በክፍተቱ ውስጥ የቀረ አየር ወይም እርጥበት ካለ ይለጠጣል፤ የታሸገበት ቦታ ይላቀቃል፤ አንዳንዴም ይፈነዳል። በአንዳንድ ፔርሙዞች ሥር ክፍተቱ የሚደፈነው እርሳስ ባለበት ብየዳ መሆኑ ደግሞ ሌላ ስጋት ነው። በደህናው ጊዜ ተሸፍኖ የሚኖረው ይህ ብየዳ በእሳት ቀልጦ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ግድግዳ ያለው ኮዳ፣ ክዳኑ ተከፍቶም ቢሆን፣ በምንም ዓይነት እሳት ላይ መጣድ የለበትም።

እንዴት ይለያል? በጣም ቀላል ነው። ከሱቁ አጠገብ ቡና ከምታፈላው እህት ትንሽ የፈላ ውሃ ለምነው ኮዳው ውስጥ ይጨምሩ። ውጪው ወዲያው ካቃጠለዎት ግድግዳው አንድ ነው፤ የሚፈልጉትም እሱን ነው። ውጪው ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ ግን ፔርሙዝ ነው፤ ለሻይዎ ይግዙት እንጂ እሳት አያሳዩት።

ብረቱ ምንድን ነው?

ለማፍላት የሚመረጠው ስቴንለስ ስቲል የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው። ከሥሩ “304” ወይም “18/8” የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ቁጥር ብረቱ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል እንዳለው ያመለክታል። ይህ ብረት የሚቀልጠው ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ በመሆኑ የእንጨት እሳት አያቀልጠውም። አንዳንድ ገዢዎች ማግኔት ይዘው ሲፈትኑ ይታያሉ። ማግኔት የማይስበው ብረት 304 ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ርካሹን 201 የተባለውን ዓይነትም ማግኔት ብዙም ስለማይስበው ፈተናው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው። ሆኖም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የጋመ ፍም ደግሞ ከዚህ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ውሃ እስካለበት ድረስ ግድግዳው ከውሃው እምብዛም ስለማይሞቅ ይቋቋማል፤ ውሃው ተንኖ ካለቀ ግን ያበቃለታል። ከዚህም ሌላ የአሉሚኒየም ኮዳዎች ውስጣቸው ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ነክ ልባጥ የተቀባ ነው። ልባጡ ለቀዝቃዛ መጠጥ የተሠራ እንጂ ለእሳት አይደለም። ሲግ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከኦገስት 2008 በፊት ያመረታቸው የአሉሚኒየም ጠርሙሶች ልባጥ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል እንደነበረበት ማመኑ በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል።

ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራውንም አሉሚኒየም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሮ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ለእርሳስ ብክለት የሚያጋልጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። ኢትዮጵያ ከአሥሩ አገሮች አንዷ አልነበረችም። ሆኖም አሮጌ የሞተር ክፍልና ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ተደባልቆ በሚቀልጥበት ሁሉ ስጋቱ አንድ ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

አዛውንቱ የነገሩን ስለ ድሮው የወታደር ኮዳም ነበር። አሉሚኒየሙ ኮዳ ለመያዣ ብቻ ነበር። ውሃም ሆነ ሻይ የሚፈላው ከሥሩ ተሰክቶ በሚመጣው የብረት ኩባያ ነው። ዛሬም ቢሆን ፔርሙዝዎን መተው ካልፈለጉ አንድ ተራ የስቴንለስ ኩባያ አብሮ መያዝ ጥሩ መላ ነው።

ሲገዙ ቀለም ያልተቀባ፣ አፉ ሰፊ የሆነና ውስጡ ያልተለበጠ ይምረጡ። የውጭ ቀለም እሳት ሲነካው ይጨሳል፤ ይላጣል።

ጉልቻው ላይ

ትክክለኛው ኮዳ ከተገኘ በኋላም አጠቃቀሙ ወሳኝ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ክዳኑ ይውለቅ። ተዘግቶ የሚፈላ ኮዳ እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ይፈነዳል፤ የባልደረባችን ሁለተኛ ስህተት ይህ ነበር። የፕላስቲክና የጎማ ክፍሎችም ይነሡ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ጥቂት እንዲጠል ትቶ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ይገባል። ኮዳውን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሲፈላ ይገነፍላል። በሦስት ድንጋይ አደላድለው ያስቀምጡት እንጂ ባዶውን እሳት ላይ አይተዉት። ሲያወርዱም ፒንሳ ወይም ወፍራም ደረቅ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅ ያስተላልፋል።

ለስንት ደቂቃ ይፍላ? ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቁንዱዶ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ሊያሳስብ አይገባም፤ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከ70 ዲግሪ በላይ ብዙ አይቆዩም። የተለመደው የጤና ምክር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ነው። የፈላውን ውሃ በዚያው ኮዳ ውስጥ ማቀዝቀዝ ይበጃል፤ ወደ ሌላ ቆሻሻ ዕቃ ከተገለበጠ ድካሙ ከንቱ ነው።

ማፍላት የማይፈታው

እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ኬሚካልን አያጠፋም። በጫት ማሳ ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ፣ ፍሎራይድም ሆነ ጨው ከፈላ በኋላም እዚያው ናቸው። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ፍሎራይድና ጨው ይበረታል። ስለዚህ ከማሳ ሥር ከሚወርድ ቦይ ይልቅ ከተጠበቀ ምንጭ ወይም ከጉድጓድ መቅዳት ይመረጣል።

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይባላል። ለወጥ እውነት ሊሆን ይችላል። ጉልቻው ላይ የሚጣደው ዕቃ ሲለዋወጥ ግን ልዩነቱ የጤና፣ አንዳንዴም የሕይወት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የብረት ኮዳ ሲያነሡ ከማማሩ በፊት ግድግዳውን፣ ውስጡንና ሥሩን ይዩ። የሚያጠራጥር ከሆነ ለቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ለእሳቱ ተራዋ የብረት ኩባያ ትበቃለች።