ወላጅን መጦር

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይሉናል። መጦር ማለት ሰውን በእርጅናው ጊዜ ማብላት፣ ማልበስና መንከባከብ ነው። ጡረታ የሚለውም ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። የጡረታ አበል የሚያገኘው ግን በደመወዝ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው። በአጣዬ ዙሪያ ማሽላና ጤፍ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ጧሪው ቤተሰቡ ነው።

በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. አጣዬ በጥቃት በተቃጠለች ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። እንዲህ ባለ ቀን መሮጥ ለማይችል አረጋዊ ደጋፊው ሕይወቱ ነው። በደህናውም ቀን ቢሆን አረጋውያን ብዙ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል።

አጣዬ ሞቃት አገር ናት። ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ውሃ እየፈለገ እንኳ ጥሙ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ እስኪጠይቁን ሳንጠብቅ ውሃ እናቅርብላቸው። ከአልጋ የማይነሱትን በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣቸው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተኙ ገላቸው ይቆስላል። ብቻቸውንም አንተዋቸው፤ እናጫውታቸው፤ በቤቱ ጉዳይ ምክራቸውን እንጠይቅ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማነው? ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ውሃ ትቀዳለች፤ ትጋግራለች፤ ሌሊትም ትነሳለች። ወንድሞቿ ግን በዓል ሲደርስ መጥተው «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ብለው ይመለሳሉ። ይህ ደግ አይደለም። ጧሪም ይደክማል፤ ጧሪም ይታመማል። እንግዲያው ተራ እንግባ። አንዱ ውሃ ይቅዳ፤ አንዱ ሌሊቱን ይጠብቅ፤ ርቆ የሚኖረው ገንዘብ ይላክ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።