አልጋው ላይ የተኛ ሰው የሚያየው

ጠጋ በይ እህቴ፣ የማሳጅ ሥልጠና ላይ ያልነገሩሽን ልንገርሽ። ደንበኛሽ በሆዱ ተኝቶ ፊቱን የአልጋው ቀዳዳ ውስጥ ሲያስገባ እጅሽን አያይም። ግድግዳው ላይ የሰቀልሽውን የምስክር ወረቀትም አያይም። የሚያየው እግርሽን ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኑ ሥር ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ወለልና እዚያ ላይ የሚመላለሰው ጫማሽ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ፀጉር ወለሉ ላይ ቀርቶ ከሆነ ያየዋል። ነጠላ ጫማሽ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ ከሆነም ያየዋል። ሲወጣ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም። «እጅሽ ይባረክ» ይልሻል፣ ቲፑን ያስቀምጣል፣ ይሄዳል፤ ዳግመኛም አታዪውም።

እኔ ይህን ያወቅሁት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቦሌ አካባቢ እሠራበት በነበረ ስፓ፣ ገበያ በቀዘቀዘበት አንድ የነሐሴ ከሰዓት፣ ባልደረባዬ ወገቤን እንድታሸኝ ብዬ ተኛሁ። ቁልቁል ስመለከት ያየሁት ወለል ጠዋት ራሴ የወለወልኩት ነበር፤ አፈርኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ጫማዬ ነጭ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ ሌላው እስኪገባ አንሶላው ሲቀየር ወለሉም አብሮ ይወለወላል። ከቀዳዳው ሥር ደግሞ በትንሽ ሳህን ውኃ አድርጌ አንድ የጽጌረዳ አበባ አኖርበታለሁ። ደንበኞቼ ስለ እጄ ከሚያወሩት በላይ ስለዚያች አበባ ያወራሉ።

የሥራችን ትልቁ ፈተና ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው ሲያመው አይናገርም። ወጌሻ ፊት ጥርሱን ነክሶ ያደገ ሕዝብ ስለሆነ፣ ካላመመ አልሠራም ብሎ ያምናል። ስለዚህ «ጠንከር አድርጊው» ይልሻል፤ አንቺም ደስ ብሎሽ ባለ በሌለ ጉልበትሽ ትጫኚዋለሽ። በማግስቱ ትከሻው በልዞ ሲያገኘው ለጓደኞቹ የሚነግረው ስለ ብርታትሽ አይደለም። እኔ «ያምዎታል?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ኧረ አያምም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እጄን መጀመሪያ ሳሳርፍ፣ «ከ1 እስከ 10 ቢቆጥሩት ስንት ላይ ነው? ከ7 ሲያልፍ ይንገሩኝ» እላለሁ። አመመኝ ማለት የሚከብደው ሰው ቁጥር መጥራት አይከብደውም። ከዚያ በኋላ ሰውነቱን አያለሁ። የእግር ጣቱ ከተኮማተረ፣ ትንፋሹን ከያዘ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ፣ አፉ ምንም ቢል እኔ እቀንሳለሁ።

ጉልበትሽንም ከአውራ ጣትሽ አታውጪው። በዚህ የተነሳ ጣቷ ተበላሽቶ በሠላሳ ዓመቷ ሥራውን የተወች ጓደኛ አለችኝ፤ እንጀራዋ እጇ ነበር። ከአልጋው ጎን ቀጥ ብለሽ ቁሚና ክንድሽን ልቀቂው፤ የቡጢሽ አንጓ የአልጋውን ላይኛ ጠርዝ ከነካ ቁመቱ ልክሽ ነው። ከዚያ በክርንሽና በክብደትሽ ዘንበል ማለት ነው። ደክሞሽ የሠራሽውን ሥራ ደንበኛው ቆዳው ላይ ያውቀዋል።

ልብሱን ከማውለቁ በፊት ያሉት አምስት ደቂቃዎች ከቀሪው ሰዓት ይበልጣሉ። ብዙዎቻችን ግን ፎጣ ሰጥተን «እዚህ ይተኙ» ብለን እንወጣለን። አስቀምጪው፣ ውኃ ስጪው፣ ጠይቂው። «የት ነው የሚያምዎት?» ካልሽ መልሱ «ሁሉም ቦታ» ወይም «ብርድ ነው» ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሌሊት በየትኛው ጎን ይተኛሉ? ቀኑን ሙሉ ምን ላይ ይቀመጣሉ? ልጅ የሚያዝሉት በየት በኩል ነው? በሁዳዴ መጨረሻ ከሆነ እናቶችን ስለ ስግደት እጠይቃለሁ። በ55ቱ ቀን ጾም መጨረሻ፣ በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይ በስቅለት ዕለት ሲሰግዱ የዋሉ እናት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጭናቸውና ወገባቸው እንዴት እንደሚሆን አንዴ የዳሰሰ እጅ አይረሳውም። «እማማ፣ ዘንድሮ ስንት ሰገዱ?» ስል የሚያሳዩኝ ፈገግታ አለ። ሥራዬ በዚያች ፈገግታ ግማሽ ያልቃል።

ግፊት፣ ስኳር፣ ቀዶ ጥገና፣ እርግዝና፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት። እነዚህን አምስቱን ሳልጠይቅ ማንም ላይ እጄን አላሳርፍም። ነፍሰ ጡርን በሆዷ አታስተኚ፤ በግራ ጎኗ፣ በትራስ ደግፈሽ አስተኚያት። ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ልንገርሽ። አንድ ጋሼ ከአሜሪካ በገቡ በሁለተኛው ቀን መጡ። ከአሥር ሰዓት በላይ በአውሮፕላን ተቀምጠው ነው የመጡት። «ባቴን ይዞኛል፣ እሱን እሺልኝ» አሉኝ። አንዱ ባታቸው ከሌላው አብጧል፤ መዳፌን ሳስጠጋ ይሞቃል። እግር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከታሸ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። «ጋሼ፣ ዛሬ አልነካዎትም፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ» አልኳቸው። ተቆጡ። እንግዳ ተቀባይዋም ገንዘብ መለስሽ ብላ ተቆጣችኝ። የረጋ ደም ነበር። ከወራት በኋላ ከሐኪማቸው ፈቃድ ይዘው ተመለሱ፤ ባለቤታቸውን፣ እህታቸውንና ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ማሳጅ ሁሉ ብዙ ደንበኛ ያመጣልኝ ያልሠራሁት ነው።

ስለ አገልግሎት ዝርዝሩ ብዙ አትጨነቂ። ስዊዲሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ሆት ስቶን እያልን እንደረድራለን። ስዊዲሽ በምንለው ማሳጅ ውስጥ ላሉት አስተሻሸቶች ስም ያወጣላቸው ሜዝገር የሚባል የኔዘርላንድስ ሐኪም ነው፤ ስሞቹም ፈረንሳይኛ ናቸው። አገራችንም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው ነው፤ አያቶቻችን አራስ በቅቤ ሲያሹ ኖረዋል። ደንበኛ ለስሙ አንዴ ይሞክራል፤ ለስሙ ብሎ የሚመለስ ግን አላየሁም።

ቅናሽም አይመልሰውም። መጀመሪያ የራሴን ክፍል ስከፍት በግማሽ ዋጋ ብዬ ለጠፍኩ። ክፍሉ ሞላ፣ እኔም ደከምኩ፤ ዋጋው ሲመለስ ሰዎቹ የሚቀጥለውን ግማሽ ዋጋ ፍለጋ ሄዱ። አሁን ዋጋዬን አልነካም። በቅናሽ ፈንታ ጊዜ እጨምራለሁ፤ የቆየ ደንበኛ ከሆነ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ በጸጥታ ተኝቶ እንዲቆይ እተወዋለሁ፣ በር አላንኳኳም።

ወቅትም አለው። ጥር ሲመጣ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ሚዜዎች ይከተላሉ፣ ሞሮኮ ባዙም ማሳጁም ይጣበባል። ሙሽራዋ ግን ለአንድ ቀን ነው የመጣችው። ጥግ ላይ ቦርሳ ይዛ የምትጠብቀውን እናቷን ተመልከቺ። ለሠርጉ ስትሯሯጥ ከርማ፣ አንገቷ ደርቆ፣ ለራሷ አንድ ብር ያላወጣች ሴት ናት። ለእሷ ትንሽ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ አንገቷን እሺላት። የዛሬ ስምንት ዓመት እንዲህ ያሸኋት እናት እስካሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች። ኅዳር ላይ ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይሮጥ ከርሞ 10 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ሰኞ ጠዋት ደረጃ መውረድ አቅቶት ይመጣል። ያን ቀን በጥልቀት አትግቢበት፤ በቀላሉ እሺው፣ ሐሙስ ይመለስ በይው። ይመለሳል።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ማሳጅ ቤት ሲባል በከተማችን አንዳንዱ ሰው የሚያስበውን ታውቂያለሽ። እናትሽም ጎረቤቶቿ ምን ይሉኛል ብላ እንደተጨነቀች አውቃለሁ፤ የእኔም እናት ተጨንቃለች። ሰውየውን ከስልኩ ትለይዋለሽ። የታመመ ሰው የሚጠይቀው ዋጋና ሰዓት ነው። ያኛው ግን «ማናት የምትሠራልኝ? ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። «ይቅርታ፣ ቦታ የለንም» በይና ዝጊ። አልጋው ላይ ሆኖ ከጠየቀሽ እጅሽን አንሺ፣ አንሶላውን እስከ አንገቱ ሸፍኚው፣ «እዚህ የሚሰጠው አገልግሎት ይኸው ብቻ ነው፤ ልብስዎን ይልበሱ» ብለሽ ውጪ። አትጨቃጨቂ፣ አትሳቂም። አንድ ጊዜ ስቀሽ ያለፍሽው ነገር በከተማው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ እናቶች ልጆቻቸውን ወዳንቺ መላክ ያቆማሉ።

ሰው ሲታሸ ልቡም ይፈታል። ስለ ትዳሩ፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ወንድሙ ይነግርሻል። ባልና ሚስት ሁለቱም ደንበኞቼ የሆኑ ቤቶች አሉ፤ አንዱ የነገረኝን ለሌላው በፊቴ እንኳ አላሳየሁም። «ባለቤትሽ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር» ማለት ተራ ነገር ይመስልሻል፤ አትበይው።

እኔ ስለ ደንበኞቼ የምጽፍበት ባለ 200 ገጽ ደብተር አለኝ። የሰው ምስጢር አልጽፍበትም። የምጽፈው ይህን ነው፦ «ቀኝ ትከሻ። ኮምፒውተር። የለውዝ ዘይት አይስማማትም። ሙዚቃ አትወድም። ማውራት የምትጀምረው እሷ ናት።» «አንገቱን እንዳይነኩት ይፈራል።» «8 ሰዓት ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ የውጭ አገር ሰው።» ይህችን የመጨረሻዋን የጻፍኩት አንድ ፈረንጅ በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ጠብቆኝ ከሄደ በኋላ ነው። ደንበኛው ከመግባቱ በፊት ገጹን አነባለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ «ያ ቀኝ ትከሻዎ እንዴት ሆነ?» ስለው የሚሰማውን አስቢው።

የዚህን ደብተር ዋጋ ያወቅሁት ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። ሁለት አልጋ ያላት ክፍሌ እዚያ ነበረች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ጎረቤቶቼ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሌላም ቦታ ተበተኑ፤ የሰቀልኩት ምልክት፣ ሰው በእግሩ የሚያውቀው በር፣ ጥግ ላይ ያለችው ጀበና ሁሉም በአንድ ሰሞን ሄደ። ዕቃ ስናወጣ ከአልጋዎቹ በፊት ያወጣሁት ደብተሩን ነው። ገርጂ አካባቢ ሌላ ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በደብተሩ ላይ ላሉት ሁሉ ደወልኩ። ማስታወቂያ አልነበረም። ስለ ዋጋም አላወራሁም። «ወገብዎ እንዴት ነው?» ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ አዲሱን ቦታ ነገርኳቸው። ከሦስት ሁለቱ መጡ። ገላን ጉራ የገቡ አንዲት እማማ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የሚመጡት፤ የሚከፍሉኝ እንደ በፊቱ ነው፣ አበባዋም ከቀዳዳው ሥር እንደ በፊቱ አለች።

እህቴ፣ የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስትቀበዪ ሌላውን ሁሉ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ ነጭ ጫማ ግዢ።