«ሃሎዊን»፦ የቅዱሳን ዋዜማ እንዴት የጭንብል ሌሊት ሆነ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ሲቃረብ ከልጆቻቸው አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የአጽምና የጠንቋይ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ ሲቀበሉ ያያሉና «እኛስ ለምን አንሄድም?» ይላሉ። «ክልክል ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ልጅ ግን ክልከላውን ከቤት ሲወጣ ይተወዋል። ስለዚህ የበዓሉን አመጣጥ በአጭሩ እንመለከታለን።

ጥንተ ታሪኩ

በአየርላንድና በስኮትላንድ የነበሩ የኬልት ሕዝቦች መከሩ አልቆ ቀዝቃዛው ወራት ሲገባ «ሳዊን» የተባለ በዓል ያከብሩ ነበር። በዚያች ሌሊት የሙታን ዓለም ለሕያዋን ይቀርባል የሚል እምነት በአገሩ ተረቶች ተጠብቆ ቈይቷል። ይሁን እንጂ ስለ በዓሉ በጽሑፍ የተገኘው አብዛኛው ነገር ሕዝቡ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በአየርላንድ ገዳማት የተጻፈ ነው። «የሰይጣን የልደት ቀን ነው» እየተባለ የሚነገረው ግን የታሪክ መሠረት የለውም። ልጆቻችንን ከስሕተት ለመጠበቅ ብለን ሐሰት ልናስተምራቸው አይገባም።

ስሙ ራሱ ክርስቲያናዊ ነው፤ «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ አጥሮ የመጣ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮም ፓፓ ጎርጎርዮስ 3ኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ የጸሎት ቤት አቆመ። በ835 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓሉ ኖቬምበር 1 ቀን በፍራንኮች ግዛት ሁሉ እንዲከበር ተወሰነ። ቈይቶም ኖቬምበር 2 የሙታን መታሰቢያ ሆነ።

ልማዱ እንዴት ተለወጠ?

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ድሆች በየቤቱ እየዞሩ፣ ለሟቾች ነፍስ ሊጸልዩ ቃል እየገቡ ትንንሽ ዳቦ ይቀበሉ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ስለ ሙታን መጸለይን ሲያስቀር፣ ጸሎቱ እየተረሳ ዙረቱ ቀረ። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደረሰው ታላቅ ረኃብ የተሰደዱ አየርላንዳውያን ልማዳቸውን ይዘው አሜሪካ ገቡ፤ በአገራቸው ሥራ ሥር ጠርበው ይሠሩት የነበረውን ፋኖስ በዱባ ተኩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ራሽን ሲነሣ ደግሞ ሌሊቱ የከረሜላና የአልባሳት ነጋዴዎች ገበያ ሆነ። እንዲህ ፍሬው ወድቆ ገለባው ቀረ።

እኛስ ምን እናድርግ?

በየቤቱ መዞሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የእኛም ልጆች በቡሄ እየዞሩ ሙልሙል ይቀበላሉ። ጥያቄው «ምን ለብሰን፣ ማንን ለማሰብ?» የሚለው ነው። በጥምቀት ክርስቶስን የለበሰ ልጅ (ገላ. 3፥27) ለጨዋታም ቢሆን የአጋንንትን መልክ መልበስ አይስማማውም። ሙታን ጠሪነትም በሕገ እግዚአብሔር የተከለከለ ነው (ዘዳ. 18፥10-12)። ቤተ ክርስቲያናችን ያንቀላፉትን በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር፣ ቅዱሳንን በየዕለቱ በስንክሳር ታስባለች። እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነውና (ማቴ. 22፥32) ሞት መፍሪያም መቀለጃም አይሆንብንም።

ደግሞም ኦክቶበር 31 ብዙውን ጊዜ የሚውለው ጥቅምት 21 ቀን፣ በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው። ወቅቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ነው። በባዕድ አገር ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የቀረበ ታሪክ ከየት ይገኛል? እንግዲህ «አትሂድ» ስንል «ና» የምንልበትም ይኑረን፤ ወደ ማኅሌተ ጽጌ እንውሰደው፣ የስደቱን ታሪክ እንተርክለት።

ውድ ምእመናን፣ የሃሎዊን ታሪክ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። ቡሄ ከደብረ ታቦር፣ ደመራም ከመስቀሉ ከተለየ የእኛም በዓላት ጭፈራ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ልማዱን ከነምሥጢሩ ለልጆቻችን እናስረክብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።